ከመሃል ወደ ዳር

በዚያ ቀን ጠዋት እንዝርት የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ ልቧ ውስጥ የቀረ ተስፋ አልነበረም፤ የቀረው እልህ ብቻ ነው። እልህ ደግሞ ቶሎ አይበጠስም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያሰፋት እሱ ነው።

እንዝርት ያላት ሰፈርተኛው ነው፤ ቀጭን ስለሆነችና ሥራ ከያዘች ስለማትቆም። ዕድሜዋ አርባ ሊሞላ አንድ ዓመት ቀርቶታል። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባልየው አንድ ቀን ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወጣ፣ ሲጋራው ይኸው እስካሁን አልተገዛም። ከዚያ ወዲህ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ቁርጥራጭ ጨርቅ ትገጣጥምና ብርድ ልብስ ትሠራለች።

የዛሬው ብርድ ልብስ ግን እስከ ዛሬ ከሠራችው ሁሉ ይበልጣል። የሁለት ሰው አልጋ ሞልቶ በሁለቱም ጎን ወለል ሊነካ ይወርዳል። ከላይ ቁርጥራጩ፣ ከመሃል ጥጡ፣ ከታች ገበሩ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ተይዘው ከዳር እስከ ዳር መሰፋት አለባቸው። መኪናዋ ደግሞ እናቷ ትታላት የሞተችው የቤት ስፌት መኪና ናት። ከመርፌዋ እስከ ግንዷ ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። አክስቷ መጀመሪያ ቀን በእጇ ዳብሳ ለክታ፣ "ዝሆን በመስኮት ልታስገቢ ነው" ብላታለች።

ዘዴው መጠቅለሉ ላይ ነው። ብርድ ልብሱ ከግራም ከቀኝም ወደ መሃል ይጠቀለልና ሁለቱ ጥቅሎች በጨርቅ ማሰሪያ ይታሰራሉ። አንዱ ጥቅል በመኪናዋ ክንድ ስር ይገባል፣ ሌላው በግራ በኩል ይተኛል። ስፌቱ የሚጀመረው ከመሃል ነው። በየመስመሩ ከክንዱ ስር ትንሽ ትንሽ እየተፈታ ወደ ዳር ይኬዳል። አንዱ ግማሽ ሲያልቅ ብርድ ልብሱ ይዞርና ደግሞ ከመሃል ወደ ሌላው ዳር ይቀጠላል። ከዳር የጀመረ ሰው ጨርቁን ሲገፋ ሲገፋ ይሄድና መሃል ላይ ተራራ ሠርቶ ያርፋል።

ክብደቱ መርፌዋን እንዳይጎትት ደግሞ በግራ በኩል የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እሷ አክስት ናት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ምላሷ ግን ገና አዲስ ነው።

"ስድስት ሳምንት አቀፍኩት" አለች አክስት። "ልጅ ቢሆን እስካሁን አንዴ ስቆልኝ ነበር።"

"ላላ አድርጊው፣ እየጎተተብኝ ነው።"

"የማን ሙሽርነት እንደሆነ ባላውቅ እላላ ነበር።"

እንዝርት ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ረገጠችው።

*

ነገሩ የተጀመረው በጨርቅ ቤቱ ነው። እንዝርት ዘወትር ቅዳሜ ወደዚያ ሄዳ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር የወደቀውን ቁርጥራጭ በጆንያ ትወስዳለች። ጨርቁን የሚቆርጠው የሱቁ ባለቤት ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሜትር ከአንገቱ የማይወርድ ሰው። ሰፈሩም "ሜትሩ" ይለዋል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አላገባም። እናቱ ያመጧቸውን ልጃገረዶች በሙሉ አንድ በአንድ በትህትና ሸኝቷቸዋል።

በመጀመሪያው ወር ቁርጥራጩን ከወለል ትለቅም ነበር። በሁለተኛው ወር ተለቅሞ ጠበቃት። በሦስተኛው ወር በቀለም በቀለሙ ተለይቶ፣ ቀዩ ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ ታስሮ አገኘችው። ጆንያውን ሲያሸክማት እጁ ከጆንያው ላይ ለመነሳት ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። ሴት ልጅ ይህን ቆጥራ ታውቃለች።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ያንን የሚያህል ገበር ተሸክሞ ቤቷ ድረስ መጣ። "እናቴ ትልቅ ብርድ ልብስ አዛለች" አለ። "ልኬቱ ይኸው። ስታያይዢው ልርዳሽ?"

አልጋዎቹን ወደ ግቢ አወጡ። ገበሩን ወለሉ ላይ ዘረጉ፣ ጥጡን በላዩ፣ አስቀድማ የገጣጠመችውን ቁርጥራጭ በጥጡ ላይ። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ነበረባቸው። እሱ ከዳር ሊጀምር ተንበረከከ።

"ከመሃል ነው የሚጀመረው" አለችው።

"ለምን?"

"ከዳር ከጀመርክ አየሩ መውጫ አያገኝም። ከመሃል ወደ ዳር እየሸኘኸው ነው።"

መጥቶ መሃል ላይ ተንበረከከ። እሷም መሃል ላይ ነበረች። ጉልበት ለጉልበት፣ ራስ ለራስ ሊጋጩ ትንሽ ነው የቀራቸው። አክስት በሩ ላይ ተቀምጣ፣ "ምነው ዝም አላችሁ? መርፌ ዋጣችሁ?" ትላለች።

"ይህ ቢጫ" አለ እሱ በጣቱ እየነካ፣ "መጀመሪያ የመጣሽ ቀን የወሰድሽው ነው።"

እንዝርት ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ቢጫውን እያየ ነበር። ያን ከሰዓት ሙሉ ከመሃል እየተራራቁ፣ እያንዳንዳቸው ወደየዳራቸው እየሄዱ ሰኩ። በተራራቁ ቁጥር ቀና ማለቱ በዛ። ሲጨርሱ ብርድ ልብሱን ከሁለት በኩል ጠቀለሉና አሰሩት። እሷ አክስቷን ከወንበር ልታስነሳ ዞር ስትል እሱ ብቻውን ከጥቅሉ ጋር ትንሽ ቆየ።

ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ጥቅሉን መለስ ብሎ አየው። እንዝርት ያን ቀን ሥራዋን በፈገግታ ጨረሰች።

ደስታዋ አንድ ቀን ነው የቆየው። በማግስቱ እናቱ መጡ። እመት ጣቃ ነው የሚሏቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣቃ ተጠቅልሎ በተደረደረ ጨርቅ መሃል ተቀምጠው ያሳለፉ፣ ጨርቅ በመዳሰስ ብቻ ድክመቱን የሚያወጡ ሴት ናቸው። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

"በዚች?"

"በዚችው ነው እማማ።"

"ለልጄ ለሙሽርነት አልጋው ነው። አንድ ጭምድድ ካየሁበት አልረከብሽም። ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ልጁን ሥራ አታስፈቺው። ሰው አቻውን ነው የሚያየው።"

የልጃቸው ሙሽርነት። እንዝርት የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ቢጫው ቁራጭ ትዝ አላት። የሌላ ሴት አልጋ ልብስ ላይ ተንበርክኮ የሷን ቢጫ ሲያስታውስ የዋለው ሰው ትዝ አላት። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጨርቅ ቤቱን አልረገጠችም። እሱም በደጇ አላለፈም። ሥራውን መልሺ ያለቻት አክስቷ ነበረች፤ እሷ ግን፣ "እሰፋዋለሁ" አለች። "አንድም ጭምድድ ሳይኖረው ሰፍቼ ሴትዮዋ ፊት እዘረጋዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የራሳቸው ጉዳይ ነው።"

ሰው ሲናደድ የሚሠራው ሥራ አያምርም ይባላል። የሷ ግን አመረ። ይህም ራሱ አናደዳት።

*

ዛሬ እንግዲህ የሁለተኛው ግማሽ መጨረሻ ላይ ናት። የቀራት ጥቅል ከክንዷ አይወፍርም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ።

"አላለቀም?" አሉ እመት ጣቃ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

"ዛሬ ያልቃል።"

"ልጄ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ሌላ ከተማ ሱቅ ከፍተናል፣ ኑሮውም እዚያው ነው። ካለቀ አብሮት ይጫናል። ካላለቀ ንገሪኝ፣ የፋብሪካውን እገዛለታለሁ።"

"ያልቃል አልኩኮ እማማ።"

"ተጨማዶ ከሆነ ግን አትድከሚ።"

ስልኩ ተዘጋ። እንዝርት መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። መነጽሩ ግን ንጹህ ነበር።

"ይሂድ" አለች አክስት።

"ይሂድ" አለች እሷም። ማሰሪያውን ፈታችና ጥቅሉን አንድ ዙር ለቀቀችው።

"ቆይ" አለች አክስት ጆሮዋን አቅንታ። "ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው? አይጥ እንዳይሆን።"

እንዝርትም ሰማችው። እጇን ወደ ጥቅሉ ውስጥ ሰደደች። ወረቀት ነው። አራት ጊዜ የታጠፈ፣ በስድስት ሳምንት ክብደት እንደ ቅጠል የሳሳ ወረቀት። ስትከፍተው ከውስጡ መዳፍ የምታክል ሰማያዊ ጨርቅ ጭኗ ላይ ወደቀች።

ፊደል የቆጠረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጣቷን ከመስመሩ ስር እያስኬደች፣ ድምፅ አውጥታ አነበበች።

"ስናገር ምላሴ ስለሚተሳሰር ጻፍኩልሽ። ይህ ብርድ ልብስ ለኔ አልጋ ነው፤ ልኬቱን ለእናቴ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ማንን ማግባት እንደምፈልግ ስነግራት፣ ያቺን ድሪቶ ሰፊ? አለች። በዚያች ሚጢጢ መኪናዋ ይህን የሚያህል ብርድ ልብስ ያለ ጭምድድ ከሰፋች ያኔ እንነጋገራለን አለችኝ። እንደማትችይ ገምታ ነው። እንደምትችይ ስለማውቅ እሺ አልኳት። ሳልጠይቅሽ እሺ ማለቴ ጥፋት ነው፤ እሱን ይቅር በይኝ። ሰማያዊዋ ቁራጭ መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ለብሼው ከነበረው ሸሚዝ የቆረጥኳት ናት። እሺ ካልሽ የትም ቦታ ስፊያት፤ ሳያት አውቃታለሁ። ደግሞም ቅዳሜ ለቁርጥራጭ ስትመጪ ዓይንሽን አይቼ አውቀዋለሁ። ካልመጣሽ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በደጅሽ አልፌ አላስቸግርሽም።"

እንዝርት ወረቀቱ የወጣበትን ቦታ መልሳ አየች።

በእነ ሜትሩ ሱቅ ጣቃ በመጣ ማግስት ተተርትሮ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል፤ ሻጭ እንከኑን የሚያየው እንዲያ ነው። ሜትሩ የሚያውቀው ይህንን ነው። እሷም ነገ ትዘረጋዋለች ብሎ ደብዳቤውን ከጥቅሉ ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ወደ ልቡ ሰደደው። የጥቅል ልብ ግን የጨርቁ ዳር ነው። ከመሃል ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በኋላ የሚደረስበት ቦታ ነው።

"አይ የኔ ነገር" አለች አክስት። "የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ይህን ጥቅል ያቀፍኩት እኔ አይደለሁም? ባልሽን ታቅፌ ነው ለካ ወገቤን አመመኝ ስል የኖርኩት።"

እንዝርት ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ፤ እንባዋ ሳያልቅ ደግሞ ሳቋ ተመለሰ።

"በይ ሩጪ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

"አልሮጥም።"

"ምን አልሽ?"

"ጠርዙ ሳይያዝ ይዤው ብሄድ ድሪቶ ሰፊ ያሉትን ራሴ ፈርሜ መስጠቴ ነው። እሳቸው ያሉት ያለ ጭምድድ ነው። ጨርሼው ነው የምሄደው።"

"አንቺ ልጅ፣ ብርድ ልብስ ይቆያል፤ ሰው ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል።"

"አራት ሰዓት ገና አልሆነም። ያዢልኝ።"

አክስት እንደዚያን ቀን አድርጋ ይዛ አታውቅም። የመጨረሻዎቹ መስመሮች አለቁ። ሰማያዊዋን ቁራጭ ቦታ የተረፈበት የመጨረሻው ማዕዘን ላይ አኖረቻትና ዙሪያዋን ሰፋቻት። ስድስት ሳምንት እንደ መስመር የሄደው እጇ እዚያች ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ ጎኗ ጎበጥ አለ። ልትፈታው መቀስ አነሳች፤ ከዚያ ተወችው። ጠርዙን ስትይዝ ግማሽ መንገድ ላይ መርፌዋ ተረስቶ በቀረ መርፌ ቁልፍ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ቁልፉን አውጥታ አየችው፤ ተገልብጦ የተሰካ ነው። እንዲህ የሚሰካ ሰው አንድ ብቻ ነው የምታውቀው። ኪሷ ከተተችውና አዲስ መርፌ ቀየረች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻውን ክር ቆረጠች። ብርድ ልብሱን ስትጠቀልለው ከሰማያዊዋ ማዕዘን ጀመረች።

"መልስሽን ከውስጥ ደበቅሽው?" አለች አክስት በእጇ እየዳሰሰች።

"ስድስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። እሱም ትንሽ ይጠብቅ።"

ብርድ ልብሱን እንደ ልጅ አዘለችው። አክስቷም ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ክንዷን ያዘች። እንዲህ ያለው ቀን ቤት ተቀምጦ በወሬ የሚሰማ አይደለም።

*

ጨርቅ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች መጋረጃ ይመርጡ ነበር። ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሜትሩ መቀሱን በወረቀት እየጠቀለለ ነው። ቀና ሲል እንዝርትን አያት፤ እጁ ባለበት ቀረ። ከስቷል። ዓይኑን መጀመሪያ የሰበረው እሱ ነው።

"ደረስሽ?" አሉ እመት ጣቃ። "ዘርጊው እስቲ።"

የመቁረጫውን ጠረጴዛ አስለቀቁ። እንዝርት ጥቅሉን ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ አስቀምጣ ቀስ እያለች ትፈታው ጀመር። ቀዩ ወጣ፣ አረንጓዴው ወጣ፤ እሱ ለይቶ ያሰራቸው ቀለሞች በሙሉ በየተራ ወጡ። መጋረጃ መራጮቹ መጋረጃቸውን ረስተው ተጠጉ።

እመት ጣቃ መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አኑረው እየገፉ ሄዱ። ቆሙ። ገበሩን ገልብጠው አዩ። እንደገና ገፉ። ዓመታት ጨርቅ ያወቀ መዳፍ የሚይዘው አጥቶ ተንሸራተተ።

"መኪና ቀየርሽ?"

"ያችው ናት።"

ሜትሩ መሃሉ ላይ ደርሶ በዓይኑ ይፈልግ ነበር። ቢጫው አለ። ሰማያዊ የለም። ከመሃሉ ወዲያ ፈለገ፤ የለም። ፊቱ ቀስ ብሎ ሲዘጋ አየችው። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሻንጣውን አነሳ።

"ሻንጣህን አስቀምጥ" አለች እንዝርት። "ገና አላለቀም።"

ከስድስት ሳምንት በኋላ ያናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። የመጨረሻውን ዙር ፈታች። ማዕዘኑ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ሰማያዊዋም ቁራጭ፣ በጎበጠ ጎኗ፣ በሰው ሁሉ ፊት ወጣች።

ሻንጣው ከእጁ ወደቀ። ያስቀመጠው እሱ አይደለም፤ እጁ ነው የረሳው።

"ይህ ከኔ ሱቅ የወጣ ጨርቅ አይደለም" አሉ እመት ጣቃ ጎንበስ ብለው።

"ከልጅዎ ሸሚዝ ነው እማማ።"

"ስድስት ሳምንት ዝም አልሽኝ" አለ ሜትሩ።

"ዝም አላልኩም። ደብዳቤህን ከዳር አስቀመጥከው፤ እኔ የምጀምረው ከመሃል ነው። ነግሬህ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ እየሰፋሁ ወደ አንተ ስመጣ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደረስኩ።"

ከመጋረጃ መራጮቹ አንዷ አፍንጫዋን ጠረገች። አክስት በሩ አጠገብ ባገኘችው ወንበር ላይ ተመቻችታ፣ "ምን አደረገ? ምን አደረገ? ንገሩኝ እንጂ፣ ዓይን የለኝም" አለች።

"ቆሟል" አለቻት ሴትየዋ።

"መቆሙንማ ቆሞ ነው የኖረው።"

እመት ጣቃ ቀና አሉ። ልጃቸውን አዩ። በአርባ ሁለት ዓመቱ እንደዚህ ያለ ፊት አይተውበት አያውቁም ነበር። ሰማያዊዋን ቁራጭ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

"እዚህ ላይ ስፌትሽ ጎብጧል።"

"እጄ ተንቀጥቅጦ ነው።"

"ሌላው ላይ አልተንቀጠቀጠም?"

"ሌላውን በእልህ ነው የሰፋሁት።"

እመት ጣቃ እልህ የሚባለውን ነገር ያውቁታል፤ ይህን ሱቅ ያቆሙት በእሱ ነው። ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።

"ድሪቶ ያልኩትን አላነሳም" አሉ። "የተባለ ተብሏል። ድሪቶ እንዲህ ከሆነ ግን ለኔም አንድ ስፊልኝ።"

"ተራዎን ይጠብቃሉ እማማ።"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እመት ጣቃ አልሳቁም፤ ግን ደግሞ ተራ ጠብቂ ተብለው ዝም ሲሉ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው፣ "በሉ አጣጥፉት፣ ጠረጴዛዬን ልቀቁልኝ" አሉ። "ለአዲሱ ሱቅ ሌላ ሰው እልካለሁ።"

ያን የሚያህል ብርድ ልብስ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም። እሱ ሁለቱን ማዕዘን ያዘ፣ እሷ ሁለቱን። ከሱቁ አንድ ዳር እሱ፣ ከሌላው ዳር እሷ ሆነው ወጠሩት። ያን ሐሙስ ከመሃል ጀምረው እያንዳንዷን መርፌ በሰኩ ቁጥር ተራርቀው ነበር። አሁን ግን ማጠፍ ነው፤ ማጠፍ ደግሞ የሚጀመረው ከዳር ነው። አንድ እርምጃ እሱ መጣ፣ አንድ እርምጃ እሷ መጣች። ብርድ ልብሱ አጠረ። ሌላ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ።

መሃል ላይ ሲገናኙ የሱ ጣቶች በሷ ጣቶች ላይ አረፉ። እንደ ድሮው ለመነሳት የሚዘገዩ ነበሩ። እሷም ኪሷ ውስጥ ያለችውን የተገለበጠች መርፌ ቁልፍ አሰበችና፣ ቤት ስንደርስ አሰካኩን አስተምረዋለሁ አለች በልቧ። ቤት ስንደርስ። ሁለቱን ቃላት እንደገና በልቧ አለቻቸው። የስድስት ሳምንቱ ክብደት ከትከሻዋ ወርዶ በሁለቱ እጆች መሃል ነበር፤ ሁለት ሰው ሲይዘው ለካ ምንም አይከብድም።